የወንድምዎ የጊታር ካፖ ለዩኩሌሌ አይሆንም

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ውስጥ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ አስተባብራለሁ። እኅቴ ከአሜሪካ የላከችልኝ መካከለኛ መጠን ያለው፣ ኮንሰርት የሚባለው ዩኩሌሌ (ጊታር የሚመስል ትንሽ ባለ አራት ክር መሣሪያ) አለኝ፤ ልጆቹን የማዘምረው በእርሱ ነው። በደንብ የምችላቸው ኮርዶች (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ እና ኤ ማይነር ናቸው። በእነርሱ ስጫወት ግን ዜማው ለልጆቹ ድምፅ በጣም ዝቅ ይላል። የወንድሜን የጊታር ካፖ ሁለተኛው ፍሬት (በአንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች ሁለተኛው) ላይ ሳስረው ሁለቱ የመሃል ክሮች ዝዝ ይላሉ፣ የቀሩት ደግሞ ቅኝታቸው ይዛባል። ጥፋቱ የዩኩሌሌው ነው ወይስ የካፖው? ርካሽ ካፖ ልግዛ ብል የትኛው ይሻላል? በካፖ ከትዝታ ወደ ባቲ መሻገር እችላለሁ? አባቴ የተወልኝ አሮጌ ማንዶሊንና የክበቡ ክራርም አሉ፤ ያው ካፖ ለእነርሱ ይሠራል? አንድ ባልደረባዬ ‹ካፖ የሰነፍ መሣሪያ ነው› እያለ ያሾፍብኛል።»

ምላሽ፦ የዝዝታው ጥፋት የካፖው ነው። የቅኝቱ መዛባት ግን ከካፖው ብቻ የመጣ አይመስለኝም፤ ዩኩሌሌውም የራሱ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም። ሁለቱን ለያይተን ካላየን አዲስ ካፖ ገዝተውም ያው ችግር ይከተልዎታል።

ካፖ በመሣሪያው አንገት ላይ የሚታሰር መቆንጠጫ ነው፤ በሁሉም ክሮች ላይ በአንድ ጊዜ የሚጫን ተጨማሪ ጣት ማለት ነው። ቃሉ ጣሊያንኛ ነው፤ ሙሉ ስሙ ካፖታስቶ ሲሆን የጣት ሰሌዳው ራስ እንደ ማለት ነው። በግንባታ ቦታ የቀን ሠራተኞችን የሚመራውን ሰው ካቦ የምንለውም ከዚሁ ቃል ወስደን ነው። ካቦ ድንጋይ አይሸከምም፤ ሌሎቹ ከየት እንደሚጀምሩ ይወስናል እንጂ። ካፖም ሥራው ይኸው ነው። ክሮቹ ከአንገቱ ጫፍ መጀመራቸው ይቀርና እርሱ ካለበት ፍሬት ይጀምራሉ፤ ክሩ ባጠረ መጠን ድምፁ ይወጣል። አንድ ፍሬት ግማሽ ቶን (ትንሿ የድምፅ እርምጃ) ነው። ሁለተኛው ፍሬት ላይ ሲያስሩት ጣቶችዎ የሚይዙት የሲ ቅርጽ የሚሰማው ዲ ሆኖ ነው፤ ኤፍ ጂ ይሆናል፣ ጂ ኤ ይሆናል፣ ኤ ማይነር ደግሞ ቢ ማይነር። ለእርስዎ ያለው ጥቅም እዚህ ላይ ነው፦ የሚያውቋቸውን አራት ቅርጾች ሳይለቁ ዜማውን ለልጆቹ ጉሮሮ ወደሚስማማ ከፍታ ያነሡታል።

የጊታር ካፖ ለምን አልሠራም? የብረት ክር ጊታር አንገት በጫፉ በኩል 43 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ የዩኩሌሌ አንገት ከ35 እስከ 38 ሚሊ ሜትር ነው። የስፋቱ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ትርፉ በጎን ብቅ ይል ነበር እንጂ ድምፁን አያበላሸውም። ዋናው ነገር ቅርጹ ነው። የብዙ ጊታሮች የጣት ሰሌዳ መሃሉ ላይ ለስለስ ያለ ጉብታ አለው፤ የካፖው ጎማም ያንን ጉብታ እንዲያቅፍ ወደ ውስጥ ሰርጎድ ተደርጎ ይሠራል። የአብዛኛው ዩኩሌሌ ሰሌዳ ግን እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ነው። ሰርጓዳ ነገር ዝርግ ላይ ሲጫን ዳርና ዳሩን ይይዛል፣ መሃሉን ይስታል። የመሃል ክሮችዎ ሲ እና ኢ ናቸው፤ ዝዝ የሚሉት እነርሱ መሆናቸውን ራስዎ ጽፈውልኛል።

በዚያ ላይ የወንድምዎ ካፖ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ተጨምቆ የሚከፈት፣ በሞላ የሚሠራ ይመስለኛል። የዚህ ዓይነቱ ካፖ መንጋጋዎች ትይዩ የሚሆኑት አንገቱ የጊታር ያህል ሲወፍር ነው። አንገቱ ሲቀጥን ከሚገባው በላይ ይዘጋሉ፤ ሲዘጉም በአንድ ወገን አብዝተው በሌላው አሳንሰው ይጫናሉ። ሞላው ደግሞ የብረት ክርን ለማሸነፍ የተበጀ ኃይለኛ ሞላ ነው። የዩኩሌሌ ናይለን ክር ያን ያህል ጉልበት አይፈልግም።

ትርፍ ጉልበት ምን ያደርጋል? ክሩ የሚነዝረው ከፍሬቱ ብረት አናት ተነሥቶ ነው። ካፖው ክሩን ከብረቱ አናት ጋር አስተካክሎ ካገናኘው ሥራው አልቋል። ከዚያ አልፎ ክሩን ቁልቁል ወደ እንጨቱ ከገፋው ክሩ ይለጠጣል፣ የተለጠጠ ክርም ከትክክለኛው ድምፅ በላይ ይጮኻል። ሁሉም ክር እኩል ቢለጠጥ አንድ ነገር ነበር፤ ግን ወፍራሙና ቀጭኑ እኩል አይለጠጡም። በአጭር ክር ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የጊታር ክር 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ የእርስዎ ኮንሰርት ዩኩሌሌ 38 ገደማ፣ ትንሹ ሶፕራኖ 35 ገደማ። አንድ ሚሊ ሜትር ቁልቁል መገፋት ለረጅሙ ክር ብዙም አይደለም፤ ለአጭሩ ግን ከርዝመቱ አንጻር ትልቅ ነው።

አሁን ወደ ዩኩሌሌው እንምጣ። በአንገቱ ጫፍ፣ ከመቃኛዎቹ በታች፣ አራት ቦይ የተቆፈረባት ትንሽ የፕላስቲክ ወይም የአጥንት ቁራጭ አለች፤ ክሮቹ የሚያርፉት በእርሷ ላይ ነው። በርካሽ ዩኩሌሌዎች ላይ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ጉድለት የእነዚህ ቦዮች አለመጥለቅ ነው። ፋብሪካው ጊዜ ለመቆጠብ ይሁን ክሩ ዝዝ እንዳይል ፈርቶ፣ ቦዮቹን ሳይጨርስ ይልከዋል። ክሩ በጫፉ ከፍ ብሎ ሲቆም የመጀመሪያዎቹን ፍሬቶች ለመጫን ብዙ መውረድ አለበት፤ ብዙ ሲወርድ ይለጠጣል፤ ስለዚህ ክፍቱን (በጣት ያልተጫነውን) ክር በትክክል ቃኝተውት እንኳ ኮርድ ሲይዙ ይሻክራል። ይህንን ጆሮዎ ለምዶት ላያስተውለው ይችላል። ካፖ ሲያስሩ ግን ሁሉም ክሮች በአንድ ጊዜ ተጭነው ስለሚለጠጡ ጉድለቱ አፍጥጦ ይወጣል፣ ካፖውም ያላደረገውን አደረገ ይባላል።

መመርመሪያው ቀላል ነው። አንዱን ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ በጣትዎ ይጫኑና አንደኛው ፍሬት ዘንድ በብረቱና በክሩ መካከል የሚቀረውን ክፍተት ወደ ብርሃን ይዘው ይመልከቱ። ጤነኛ ከሆነ አንድ የደብተር ወረቀት በጭንቅ የሚያሳልፍ ስንጥቅ ነው። አራት ድርብ ያደረጉት ወረቀት ክሩን ሳይነካ ወዲያና ወዲህ ካለ የክር ማረፊያዋ ከፍ ብላለች። አራቱንም ክሮች በየተራ ይፈትሹ፤ ብዙውን ጊዜ አንዱ ከሌሎቹ ይለያል። ሁለተኛው መንገድ ካፖን ራሱን መርማሪ ማድረግ ነው፦ አንደኛው ፍሬት ላይ ደህና ካፖ ያስሩ፣ ካፖው እንደታሰረ ክሮቹን እንደገና ይቃኙ፣ ከዚያ ያንኑ ኮርድ ይምቱ። ያለ ካፖ ይሻክር የነበረው ኮርድ አሁን ከጠራ፣ ካፖው የክር ማረፊያዋን ከሥራ ውጭ ስላደረጋት ነው፤ ጥፋተኛዋ ታወቀች ማለት ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ወጣት ሦስት ካፖ በኪሱ ይዞ ወደ ሥራ ቦታዬ መጣ። ሦስቱንም በተለያየ ጊዜ ገዝቷል፣ ሦስቱንም ሰድቧል። ዩኩሌሌውን ተቀብዬ ወረቀቱን ከሲ ክር ሥር ሳስገባ ስድስት ድርብ ያለ ችግር አለፈ። ቦዮቹን በቀጭን ሞረድ ዝቅ አድርጌ መለስኩለት፤ ከሦስቱ ካፖዎች ሁለቱ ደኅና ሆነው ተገኙ። ሦስተኛው ግን በእርግጥም የማይረባ ነበር። ይህን ያነሣሁት እርስዎም ሞረድ እንዲያነሡ አይደለም። ቦዩ ከልኩ በላይ አንዴ ከጠለቀ ክፍቱ ክር የመጀመሪያውን ፍሬት እየመታ ዝዝ ይላል፣ የሞረዱት ደግሞ ተመልሶ አይሞላም። ጊታር ለሚጠግን ሰው ይስጡት፤ ሥራው አጭር ነው።

ከትዝታ ወደ ባቲ ስለ መሻገር የጠየቁት በካፖ አይሆንም፤ የሚያምታታዎትም ቃላችን ነው። «ቅኝት» ስንል አንዳንዴ ክሮቹን አክርሮና አላልቶ ማስተካከልን ማለታችን ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን። የመጀመሪያው የከፍታ ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው በድምፆች መካከል ያለ ርቀት። ካፖ ሁሉንም ክር በእኩል መጠን ስለሚያነሣ ርቀቱን አይነካውም። ትዝታ ሜጀርን ከሲ ብንነሣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ሁለተኛው ፍሬት ላይ ካፖ ሲያስሩ ያው የጣት አካሄድ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ፣ ቢ ይሰጥዎታል። ከፍ ያለ ትዝታ ነው፣ ያው ትዝታ ነው። በተለምዶ ባቲ ሜጀር የሚባለውን ከሲ ለመጫወት ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ያስፈልግዎታል፤ ዲ እና ኤ ወጥተው ኤፍ እና ቢ መግባት አለባቸው፤ ይህን የሚያደርጉት ጣቶችዎ ብቻ ናቸው። እግረ መንገዴን ልጨምር፦ የአንቺ ሆዬን ጠባይ የለመደ ጆሮ ፍሬት ባለው መሣሪያ ላይ ሙሉ በሙሉ አይረካም። ፍሬት ድምፁን በእኩል ግማሽ ቶን ከፋፍሎ ጨርሷል፤ የአዝማሪ ጣት ግን በመሃል ያርፋል።

የትኛውን ይግዙ? በብሎን የሚጠብቅ፣ ጎማው ዝርግ የሆነ፣ ለዩኩሌሌ ተብሎ የተሠራ ካፖ። መልሴ ይህ ነው፤ ርካሽ መሆኑም አያሳፍርም። ብሎን ያለው የሚመረጠው ጉልበቱን እርስዎ ስለሚወስኑ ነው። ዝዝታው እስኪጠፋ ያጠብቁታል፣ እዚያው ላይ ያቆማሉ። የሞላ ካፖ ፋብሪካ የሰጠውን ጉልበት ብቻ ነው የሚያውቀው። በአንድ እጅ ቶሎ መቀየሩ የሞላው መልካም ጎን ነው፤ መድረክ ላይ በዘፈንና በዘፈን መካከል ለሚቸኩል ሰው ይጠቅማል፣ ልጆች ውኃ ጠጥተው እስኪመለሱ ጊዜ ላለው መምህር ግን ምንም አይደለም። ክብደትም አለ። ዩኩሌሌ ቀላል መሣሪያ ነው፤ ከባድ የብረት ካፖ አንገቱ ላይ ሲንጠለጠል ጭንቅላቱ ወደ መሬት ይዘነብላል፣ ግራ እጅዎም ኮርድ ከመያዝ ይልቅ አንገቱን በመሸከም ይደክማል።

ሱቅ ውስጥ እንዲህ ይፈትኑት። ካፖውን ወደ ብርሃን አንሥተው በጎን ይመልከቱት፤ ጎማው ቀጥ ያለ መሥመር ካልሆነ ይመልሱት። ጎማውን በጥፍርዎ ጫን አድርገው ይልቀቁት፤ ወዲያው ከተመለሰ ጥሩ ነው፣ ሰርጉዶ ከቀረ ክሮቹ በሳምንታት ውስጥ ቦይ ይቆፍሩበታል፣ እንደ ድንጋይ ከደረቀ ደግሞ በወፍራምና በቀጭን ክር መካከል ያለውን ልዩነት አያቻችልም። ብሎኑን እስከ መጨረሻ አዙረው ይመልሱት፤ መሃል ላይ የሚነክስ ከሆነ ጥርሱ ተበላሽቷል። የአንገቱን ጀርባ የሚነካው ክፍልም በጎማ ወይም በቆዳ መሸፈን አለበት፤ ባዶ ብረት ወይም ሻካራ ፕላስቲክ ቫርኒሹን ይበላዋል። የሚጫነው ዘንግ ከአንገቱ ስፋት ሦስት አራት ሚሊ ሜትር ቢተርፍ ይበቃል። ከተቻለ ዩኩሌሌውን ራሱን ይዘው ይሂዱ፤ ባይቻል የአንገቱን ስፋት ሁለተኛውና አምስተኛው ፍሬት ላይ በማስመሪያ ለክተው ይያዙ። እኅትዎ ሊልኩ ከፈለጉ ደግሞ ዳዳሪዮ፣ ካይዘርና ሹብ የተባሉት ሠሪዎች ለዩኩሌሌ የሚሆን ካፖ አላቸው። ከእነዚህ የካይዘሩ በሞላ የሚሠራ ነው፤ ለትንሽ አንገት ታስቦ ስለተሠራ የወንድምዎን ያህል አይጎዳም፣ ቢሆንም ምርጫዬ አይደለም። ስሙን ግን አያምልኩት፤ ከላይ ያልኩትን ፈተና ያለፈ ስም የለሽ ፕላስቲክ ካፖም ለክበብዎ ይበቃል።

በላስቲክ ጥብጣብ አንገቱን ጠምጥሞ የሚያዝ ካፖም ታገኙ ይሆናል። ከሁሉም ርካሹና ቀላሉ እርሱ ነው፤ ለናይለን ክርም በቂ ጉልበት አለው። ዕድሜው አጭር ነው፣ ላስቲኩ ይላላል። ካገኙት ይግዙት፣ የዘላለም ዕቃ ግን አይምሰልዎት።

እስከዚያው ያለ ምንም ወጪ ዛሬውኑ የሚሠራ ነገር ልንገርዎ፤ እርሳስና ብር የሚታሰርበት ላስቲክ። ባለ ስድስት ጎን እርሳስ ይምረጡ፤ ክቡ ይንከባለላል። አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጠው ጫፎቹን በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ። አንዱን ዝርግ ጎን በክሮቹ ላይ፣ ከሁለተኛው ፍሬት ብረት ጥቂት ወደ መቃኛዎቹ በኩል ያስቀምጡ። ላስቲኩን በአንዱ ጫፍ አጥልቀው በአንገቱ ጀርባ ያዙሩትና በሌላው ጫፍ ያጥልቁት፤ ዝዝ ካለ አንድ ዙር ይጨምሩ። ቫርኒሹን እንዳይጎዳው ከአንገቱ ጀርባ ቀጭን የጨርቅ ቁራጭ ያኑሩ፣ ሲጨርሱም ይፍቱት፤ ላስቲክ ለቀናት ከቆየ በቀለም ላይ ምልክት ይተዋል። ለመመርመሪያ ያልኩትም «ደህና ካፖ» ይኸው ሊሆን ይችላል። ይህ ዘዴ ለዩኩሌሌ የሚያምረው ክሩ ለስላሳ ስለሆነ ነው፤ የብረት ክር ግን ከዚህ የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል።

እንጨት ሠሪ የሚያውቁ ከሆነ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። የስፔን የፍላሜንኮ ጊታር ተጫዋቾች ሴሂያ የሚሉት ጥንታዊ ካፖ አላቸው፦ ከሥሩ ቆዳ የተለጠፈበት አንድ ጠንካራ የእንጨት ቁራጭ፣ በመሃሉ የቫዮሊን መቃኛ የመሰለ ቁልፍ፣ በአንገቱ ጀርባ የሚዞር አንድ ክር። ቁልፉ ሲዞር ክሩ ይከርራል፣ እንጨቱም ይጫናል። የበገና መቃኛ የሚሠራ እጅ ይህን ለመሥራት አይቸገርም። ለባልደረባዎም እዚህ ላይ መልስ አገኘሁላቸው፤ የፍላሜንኮ ተጫዋች ካፖውን የሚያስረው ለዘፋኙ ድምፅ ብሎ ነው፣ እርሱን ደግሞ ሰነፍ የሚለው የለም።

አጠቃቀሙ ላይ ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት ቦታውን ነው። ካፖ በሁለት ፍሬቶች መሃል ለመሃል አይቀመጥም፣ በብረቱ አናት ላይም አይወጣም። ከብረቱ ጀርባ፣ ወደ መቃኛዎቹ በኩል፣ ብረቱን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ይቀመጣል። ከብረቱ በራቀ ቁጥር ዝዝታውን ለማጥፋት ብዙ ጉልበት ይፈልጋል፤ ብዙ ጉልበት ደግሞ ቅኝቱን ያዛባል። ብረቱ ላይ ከወጣ ክሩ ይታፈናል። ዘንጉ ከፍሬቱ ጋር ትይዩ ይሁን፤ ካዘነበለ አንዱ ክር ይበደላል። ብሎኑን ሲያጠብቁ ክሮቹን አንድ በአንድ እየነካኩ ይሂዱ። አራቱም ሲጠሩ ሩብ ዙር እንኳ አይጨምሩ። ከዚያ ካፖው እንደታሰረ ይቃኙ። ያለ ካፖ ቃኝቶ ካፖ አስሮ በቀጥታ መጫወት በጥሩ ካፖም ቢሆን አይመከርም። የስልክ መቃኛ የሚጠቀሙ ከሆነ ማንበብ ያለብዎት ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ ሳይሆን ሁለት ፍሬት ከፍ ያሉትን ኤ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ቢ ነው። ይህን ረስተው ክሮቹን ወደ ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ አላልተው «ካፖው ምንም አልለወጠም» ያሉኝ ሰዎች አሉ።

ሲጨርሱ ይፍቱት። ታስሮ የሚያድር ካፖ ክሩን በአንድ ቦታ ያጎብጠዋል፣ የራሱን ጎማ ይቆፍራል፣ የአንገቱን ጀርባ ይሰረጉዳል። በጭንቅላቱ ላይ ቆንጥጠው የሚያስቀምጡትም አሉ፤ ለጊታር ያስኬዳል፣ ለዩኩሌሌ ከባድ ነው።

ልኩን ደግሞ ይወቁ። ዩኩሌሌ ሲፈጠርም አጭር ነው። በኮንሰርት ላይ የመጀመሪያው ፍሬት ስፋት ሁለት ሴንቲ ሜትር ጥቂት አለፍ ያለ ነው። አምስተኛው ላይ ካፖ ሲያስሩ የሚቀረው ክር 28.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ቀጣዩ ፍሬትም ወደ 1.6 ሴንቲ ሜትር ይጠብባል። የልጅ ጣት ይገባበታል፣ የእርስዎ ጣቶች ግን ይጋፋሉ፤ ድምፁም እየሳሳ ወደ መጫወቻ ደወል ይጠጋል። እስከ አራተኛው ፍሬት ይበቃዎታል እላለሁ። ሁለተኛው ላይማ ምንም የሚያሳስብ የለም፤ ኮንሰርቱን ወደ ሶፕራኖ ርዝመት አሳጠሩት ማለት ብቻ ነው። ባሪቶን የሚባለው ትልቁ ዩኩሌሌ ካለ ነገሩ ይለያል፤ እርሱ አምስተኛው ፍሬት ላይ ካፖ ሲታሰርበት ክሮቹ ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ ሆነው ይገኛሉ፣ የጂ ክሩ ድምፅ ብቻ ወፍራም ነው።

ካፖ ዝቅ አያደርግም። ይህን የምለው ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ነው። ዜማው ለልጆቹ ከፍ ካለ ወይ ክሮቹን በሙሉ ያላላሉ፣ ወይ ቅርጹን ይቀይራሉ። ለምሳሌ በጂ ያለ መዝሙር ከፍ ቢልብዎ የሲ ቅርጽን ይዘው ሦስተኛው ፍሬት ላይ ካፖ ቢያስሩ ኢ ፍላት ላይ ያርፋሉ፤ ከጂ ሁለት ቶን ዝቅ ያለ ነው። የመዝሙሮቹ ሁሉ ቦታ ሁለት ፍሬት ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ካፖም ላያስፈልግዎ ይችላል፤ ክሮቹን በቋሚነት ኤ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ቢ አድርጎ መቃኘት ጥንት የታወቀ የዩኩሌሌ ቅኝት ነው። ይህ ግን የክሩን ውጥረት በሩብ ያህል ይጨምራል። በርካሽ ዩኩሌሌ ሆድ ላይ ክሮቹ የታሰሩበት እንጨት የተያዘው በሙጫ ብቻ ነው፤ ከጀርባው ስንጥቅ ካዩ ወዲያው ያላሉት። ከመዝሙር መዝሙር ከፍታ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ እንደ እርስዎ ክበብ ማለቴ ነው፣ ካፖው ይሻላል።

ስለ ማንዶሊኑ። ስምንት የብረት ክሮች ሁለት ሁለት ሆነው ተጣምረዋል፣ አንገቱም ወደ 28 ወይም 30 ሚሊ ሜትር ጠባብ ነው። ጥንዱ እኩል ካልተጫነ አንድ ድምፅ መሆናቸው ይቀርና እርስ በርስ ይጣላሉ። የብረት ክር ደግሞ ትንሽ ሲለጠጥ ብዙ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ የዩኩሌሌው ካፖ ቢገባለትም በአብዛኛው ያሳዝንዎታል። አሮጌ ማንዶሊን አንገቱ የጎበጠ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ላይ ካፖ መጨመር ችግሩን ይሸፍናል እንጂ አያስተካክልም። እንዲያውም ማንዶሊን ካፖ ብዙ አያስፈልገውም። ክፍት ክር የሌለበትን ቅርጽ ከተማሩ እጅዎን ወደ ላይ ማንሸራተት ብቻ ይበቃል። ለእርሱ ብለው ገንዘብ አያውጡ፤ አዲስ ክር ይግዙለት።

ክራሩን በተመለከተ ካፖ የሚታሰርበት አንገት የለውም። ክሮቹ ከቀንበሩ ተነሥተው በባዶ አየር አልፈው ጣባው ላይ ያርፋሉ፣ ከሥራቸው የሚጫኑበት ሰሌዳም ሆነ ፍሬት የለም። አንዱ የካፖ ዘንግ በክሮቹ መካከል ቢሰቀል ክሮቹን ያፍናቸዋል እንጂ አያሳጥራቸውም። መሰንቆም እንደዚያው ነው፤ አንገት ቢኖረውም ጣት ክሩን የሚነካው በአየር ላይ ነው። ክራር ከዩኩሌሌው ጋር አብሮ እንዲሄድ ከፈለጉ ዩኩሌሌውን በካፖ ወደ ክራሩ ያምጡት። አንዱን ካፖ ከማንቀሳቀስ ይልቅ አምስት ስድስት ክር እንደገና መቃኘት ከሠላሳ ልጆች ፊት የሚሞከር ነገር አይደለም።

ስለዚህ ነገ ጠዋት በእርሳሱና በላስቲኩ ይጀምሩ፣ ወረቀቱንም ከክሮቹ ሥር ያስገቡ። ማረፊያዋ ከፍ ካለች መጀመሪያ ለጠጋኝ ይስጡ፣ ካፖውን ከዚያ በኋላ ይግዙ። የወንድምዎን ካፖ ይመልሱለት፤ ለጊታሩ ደኅና ዕቃ ነው።